ላቡ የግል፣ መንገዱ የወንፈል

ምዕራፍ 7

ጤፍ ሲደርስ በጎጃሟ ቁይ አካባቢ ብቻውን ማጭድ ይዞ ማሳ የሚገባ ገበሬ ብዙ አታዩም። ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን፣ ከነገ ወዲያ የእሱን ይባልና አምስት ስድስት ጎረቤት ይሰባሰባል። ደቦ ቢሆን ባለማሳው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ሰው ይጠራል። ወንፈል ግን ብድር ነው፤ የሠራህልኝን ቀን በቀን እመልስልሃለሁ። ብድሩን በወረቀት የሚጽፈው የለም፤ የሚረሳውም የለም። እያንዳንዱ የሚያጭደው በራሱ ክንድ ነው፤ የሚወርደውም የራሱ ላብ ነው። አንድ ሰው ሳምንት የሚለፋበት ማሳ ግን በአንድ ቀን ይጠናቀቃል።

ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለ ሩጫ ነው። ከአንዲት የወረዳ ከተማ የተነሱ ጥቂት ሯጮች ትልቅ የግማሽ ማራቶን ውድድር ሮጠው እስኪመለሱ ድረስ ምን እንደሚያደርጉ፣ ምን እንደሚበሉ፣ የት ላይ እንደሚሳሳቱ እናያለን። ምሳሌዬ ቁይ ላይ ያሉ ስምንት ጓደኛሞች ይሁኑ፦ መምህር፣ ባለሱቅ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ነርስ፣ ሁለት ገበሬዎችና ሁለት ተማሪዎች። እናንተ ሌላ ከተማ ብትሆኑም ስሌቱ አይለወጥም። ፈተና ለሚፈተን፣ ሱቅ ለሚከፍት፣ ቤት ለሚሠራም ቢሆን የምዕራፉ ቃል አንድ ነው፦ ላባችሁን ማንም አያልብላችሁም፤ መንገዱን ግን ብቻችሁን አትጨርሱትም።

ሩጫ የብቻ ነው ያለው ማነው?

ነሐሴ 1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ስለሺ ስህን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ተከታትለው ገቡ። እንዲህ ያለውን አገባብ ሕዝቡ «አረንጓዴው ጎርፍ» ይለዋል። በዓመቱ አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ ግን ኃይሌ ተጎድቶ ነበር የቀረበው። በሩጫው መሐል ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው፣ ዘወር ዘወር እያሉ ጠበቁት። ኃይሌ አልሆነለትም፤ 5ኛ ወጣ። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ። መጠበቃቸው ሜዳሊያ አላሳጣቸውም።

ሌላም አለ። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ደራርቱ ቱሉ፣ ያኔ 37 ዓመቷ፣ ከእንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ጋር በመሪዎቹ ቡድን ውስጥ ትሮጥ ነበር። ፓውላ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትል ደራርቱ ጥላት አልሄደችም። «አይዞሽ» እያለች አብራት እንድትሮጥ አበረታታቻት። ፓውላ በመጨረሻ 4ኛ ሆነች። ደራርቱ አሸነፈች፤ ያን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴትም ሆነች። ሰው ስላገዘች ጉልበቷ አልጎደለም።

ብሪታኒያዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪና ሯጭ ማይክል ክራውሊ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ እየኖረና እየሮጠ አጥንቷል። ካስገረሙት ነገሮች አንዱ የእኛ ሯጮች ብቻውን የሚሮጥን ሰው የሚያዩበት ዓይን ነው፤ እሱ ለጤናው ነው የሚሮጠው ይላሉ። መለወጥ የሚፈልግ ሰው ግን ከሌሎች ጋር ይሮጣል፣ የፊተኛውን እግር እያየ በራሱ እግር ይከተላል። ተመራማሪው እንደ አዲስ ነገር የጻፈውን የቁይ ገበሬ በማጭድ ያውቀዋል።

የትኛውን ውድድር?

በአገራችን ብዙ ሰው የሚወጣበት ውድድር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ የመጀመሪያውን ራሱ ኃይሌ አሸነፈ። ዛሬ ከ40,000 በላይ ሯጭ የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ያጥለቀልቃል። ርቀቱ ግን 10 ኪሎ ሜትር ነው። ለግማሽ ማራቶን የሚሆነው ይኸው አዘጋጅ ሀዋሳ ላይ የሚያካሂደው ውድድር ነው።

ወደ ውጭ ካየን በእንግሊዝ ከኒውካስል ተነስቶ ሳውዝ ሺልድስ ባሕር ዳርቻ የሚያልቀው ግሬት ኖርዝ ራን በዓለም ካሉት ትልልቅ ግማሽ ማራቶኖች አንዱ ነው። የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደራርቱ፣ በ2010 ኃይሌ፣ በ2012 ጥሩነሽ ዲባባ፣ በ2013 ቀነኒሳ አሸንፈውበታል።

ምክሬ ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የ10 ኪሎ ሜትሩን ሩጡ፣ የሕዝብ ብዛት ምን እንደሚመስል እዩ። በሁለተኛው ዓመት ሀዋሳ ውረዱ። የጠዋት ሩጫው ላይ በግና አህያ ብቻ የሚያጋጥመው ሰው በአንድ ጊዜ አሥር ሺህ ሰው መሐል ሲገባ የሚደነግጠው ልቡ ነው እንጂ እግሩ አይደለም።

ርቀቱን በቁጥር እወቁት

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ለተሰንበት ግደይ ቫሌንሲያ ላይ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ግማሽ ማራቶን በውድድር ስትሮጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ በታች ጨረሰች ማለት ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. እዚያው ቫሌንሲያ ዮሚፍ ቀጀልቻ በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሲገባ የወቅቱን ክብረ ወሰን ያሻሻለው በአንዲት ሰከንድ ነበር። በ21 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዲት ሰከንድ! የጫማ ማሰሪያችሁን በደንብ የማታስሩ ሁሉ ይህን አስቡ።

የእናንተ ስሌት ሌላ ነው። ከውድድሩ አምስት ሳምንት በፊት 10 ኪሎ ሜትር በሙሉ አቅማችሁ ሩጡና ሰዓታችሁን በ2.2 አባዙ። 55 ደቂቃ የሮጠ ሰው ግማሽ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ከዚያ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ እንደሚገባችሁ እንዲህ ያዙት፦

• 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ለመግባት፦ 4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ
• 2 ሰዓት ለመግባት፦ 5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ
• 2 ሰዓት ተኩል ለመግባት፦ 7 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ

የየራሳችሁን ቁጥር በእስክሪብቶ እጃችሁ ላይ ጻፉት። አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭንቅላት አያሰላም፤ ዓይን ግን ያነባል።

እቁቡና ደብተሩ

ጥሩ ልምምድ ሠርተው በገንዘብ ምክንያት የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከአምስት ወር በፊት እቁብ ጣሉ። ስምንት ሰው በሳምንት 100 ብር ቢያዋጣ በ20 ሳምንት 16,000 ብር ይሆናል። መዋጮው ከተለመደው እቁብ የሚለየው ዕጣ የማይወጣበት መሆኑ ነው፤ የሚበላው በጋራ ነው። መመዝገቢያው፣ ትራንስፖርቱ፣ የሁለት ከተማ አዳሩና ምግቡ ስንት እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ ጠይቁና መዋጮውን ከዚያ ተነስታችሁ ወስኑ። «ሲደርስ እናያለን» የሚባል በጀት የለም።

ሦስት ሰው ምረጡ። በጽዋ ማኅበር ሙሴ እንደሚባለው ያለ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ጸሐፊ። ሰብሳቢው ፈጣኑ ሯጭ አይሁን። ፈጣን ሰው ሁሉም እንደሱ የሚችል ይመስለዋል። ጸሐፊው በአንድ ደብተር የሮጣችሁትን ኪሎ ሜትር፣ የቀረውን ሰውና የቀረበትን ምክንያት ይመዝግብ። ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ቅጣት አይጣልበትም፤ ሁለት ሰው ቤቱ ሄዶ ደኅንነቱን ይጠይቀዋል። እድር የሚጸናው ሰውን በመቅጣት ሳይሆን በመጠየቅ ነው።

አሥራ ሁለት ሳምንት

ቁይ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለች ደጋ ናት። ቀጭን አየርና ዳገት በነጻ አላችሁ፤ የሌላ አገር ሯጭ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው ለዚህ ነው። የጎደላችሁ ሥርዓት ብቻ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል።

ማክሰኞ ኮረኮንች ላይ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር በቀስታ። ሐሙስ ዳገት፦ መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ስምንት ጊዜ፣ ቁልቁል በእግር መመለስ። ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ፦ ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየሳምንቱ እንዲህ ያድጋል፤ 8፣ 9፣ 10፣ ከዚያ ዕረፍት 8፤ 11፣ 12፣ 14፣ ዕረፍት 11፤ 15፣ 17፣ 12፤ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ራሱ ውድድሩ ነው። ሙሉውን 21 ኪሎ ሜትር በልምምድ መሮጥ አያስፈልግም። 17 የቻለ እግር የቀሩትን አራቱን በውድድሩ ሙቀት ይጨርሳል።

ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት ደግሞ ጠዋት ሮጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ጡንቻን ይጎዳል። ሩጫውን ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት አስጠግታችሁ ከሩጫ በኋላ ወዲያው ብሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ በሶው፣ ተልባው ከበቂ በላይ ነው። የታመመ ወይም የደከመ ሰው የንስሐ አባቱንም የጤና ባለሙያንም ያማክር።

በአጨዳ ወቅት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለ ገበሬ ማታ ዳገት እንዲሮጥ አታስገድዱት። ሥራው ልምምድ ነው፤ ደብተሩ ላይ ይጻፍለት።

አሁን የወንፈሉ ሕግ። ቅዳሜ በአንድ መስመር ሩጡ። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ የፊቱ ሰው ወደ ኋላ ይሂድ፣ ቀጣዩ ይምራ። ፊት ያለው ነፋሱን ይገምሳል፣ ድንጋዩን በእጁ ያመለክታል፣ ፍጥነቱን ይጠብቃል። የኋላው ሰው ያርፋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ዝግተኛው ነው። ወሬ ማውራት ያቃተው አንድ ሰው ካለ ሁሉም ቀዝቀዝ ይላል። «እኔን ያዘገየኛል» የሚል ፈጣን ካለ ሐሙስ ዳገቱ ላይ ያሳየን፤ ዳገት ለሁሉም በልኩ ይበቃል።

ስለ ጫማ አንድ ቃል። ከሳልባጅም ይሁን ከሱቅ የገዛችሁት ጫማ ቢያንስ አንድ ወር ሮጣችሁበት ይሁን። አውራ ጣታችሁ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ክፍተት ይኑር። አዲስ ጫማ በውድድር ዋዜማ መግዛት በሠርግ ዋዜማ ሙሽራ መቀየር ነው።

ጉዞው ራሱ ሩጫ ነው

መንገዱ ሰላም መሆኑንና የውድድሩ ቀን አለመቀየሩን ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ሩጫው እሑድ ከሆነ ሐሙስ ተነሱ። ከቁይ ወርዳችሁ ደጀን፣ ከደጀን አባይ በረሃ። ከደጋ ተነስታችሁ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዱና ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ጎሃ ጽዮን መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ሙቀቱ ያደርቃል፣ ረጅም መቀመጥ እግር ያሳብጣል። ውኃ ያዙ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዳችሁ ተራመዱ። ፍቼን አልፋችሁ ሱሉልታ ስትደርሱ መስኮቱን ተመልከቱ። ብዙ የአገራችን ሯጮች የሚሠሩት እዚህ ነው፤ ቀነኒሳም ትራክ ያሠራው እዚሁ ነው። አዲስ አበባ እደሩ።

ዓርብ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርጋችሁ ሀዋሳ ትገባላችሁ፤ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደ ቁይ ደጋ የሆነችው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ ሀዋሳ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ትንፋሹ ይቀልላችኋል፤ ሙቀቱ ግን ይከብዳችኋል። በትንፋሹ ተታልሎ የሚፈጥን ደገኛ ሙቀቱ ኋላ ያስከፍለዋል። ማታ አጎበር ዘርግታችሁ ተኙ፤ ወባ ሯጭ አይመርጥም።

ቅዳሜ የመሮጫ ቁጥራችሁንና ማሊያችሁን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ሥራችሁ መቀመጥ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሀዋሳን ያየ ሰው ሐይቁን ዙሮ፣ ገበያውን ዙሮ፣ ማታ እግሩ እንደ ግንድ ይሆናል። ከተማዋ እሑድ ከሰዓትም አለች። ቤታችሁ የምትበሉትን ብሉ፦ እንጀራ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ዳቦ። ጥሬ ሥጋና አዲስ ምግብ አይነካ። ጥፍር ቁረጡ፣ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ ማሊያው ላይ አስሩ፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ክተቱ፣ ተኙ። እንቅልፍ ባይወስዳችሁ አትደንግጡ፤ የሚያስፈልገው እንቅልፍ የሐሙስና የዓርብ ነው።

እሑድ

ሩጫው ከመጀመሩ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ዳቦ በማርና ሻይ፣ ወይም ቀጠን ያለ በሶ። ቦታው ላይ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። የመጀመሪያው ሰልፍ የመጸዳጃ ቤት ነው፤ ረጅም ነው። የላብና የጨርቅ ፍትጊያ የሚያቆስላችሁን ቦታ፣ ብብትና ጭን፣ ቫዝሊን ቀቡ። አሥር ደቂቃ ሰውነት አሟሙቁ። ሲጠሩ ፊት አትሰለፉ። ፊት የሚቆሙት ለገንዘብ የሚሮጡት ናቸው፤ እነሱ መሐል መቆም በሬ መሐል ጥጃ መሆን ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ትልቅ ውድድር መነሻው ሲተኮስ ከሕዝቡ ጋር ተነሳሁ። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ሙዚቃ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ካቀድኩት በአንድ ደቂቃ ፈጥኜ ጨረስኩ። «ዛሬ እግሬ ጥሩ ነው» አልኩ። እግሬ ሳይሆን ልቤ ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ ቆምኩ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ መነሻው ላይ ያለፍኳቸው ነጠላ የታጠቁ አንድ እናት በእርጋታ አለፉኝ። «ተነሥ ልጄ፣ ቀስ እያልክ ና» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩጫ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው ሲባል አላምንም። የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኪሎ ሜትሮች ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚታየው ሒሳቡ ነው።

ስለዚህ 21ዱን ኪሎ ሜትር በአራት ከፍላችሁ ሩጡ።

ከ1 እስከ 3፣ ዝምታ። እጃችሁ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ዘግዩ። ሰው ሁሉ ያልፋችኋል። ይለፍ።

ከ4 እስከ 10፣ ጨዋታ። ጥንድ ጥንድ ሁናችሁ በቁጥራችሁ ሩጡ። ስምንቱም አብራችሁ ለመሮጥ አትሞክሩ፤ መንገድ ትዘጋላችሁ። አቅማቸው የተቀራረበ ሁለት ሰዎች ይጣመሩ። ማውራት መቻል አለባችሁ።

ከ11 እስከ 16፣ ሥራ። ማንም የማያጨበጭብበት ቦታ የሚመጣው እዚህ ነው። በየተራ ምሩ፣ እንደ ቅዳሜው። በየውኃ ጣቢያው ሁለት ሦስት ጉንጭ ጠጡ፤ ጥማችሁን ተከተሉ። ውኃ አብዝቶ መጠጣትም ይጎዳል፤ የደምን ጨው ያቀጥናል። የቀረውን ውኃ አናታችሁ ላይ አፍስሱት።

ከ17 እስከ መጨረሻው፣ ብድር። ከጥንዱ አንዱ ይዳከማል። ሌላው እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ጥቂት ሜትር ፊት ሁኑለት፣ እግራችሁን አሳዩት፣ አታዋሩት። ባቱ ከያዘው ቁሙ፣ ጡንቻውን ሳቡለት፣ ተራመዱ። ቃሉ ከተንተባተበ፣ ከዞረበት፣ ወይም በሙቀቱ መሐል ላቡ ከደረቀ ሩጫው አልቋል፤ ጥላ ስር አስቀምጡትና የሕክምና ቡድኑን ጥሩ። ሜዳሊያ በየዓመቱ አለ።

አቅም የተረፈው ሰው በመጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ይልቀቀው። መስከረም 2006 ዓ.ም. ቀነኒሳ የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኑን ግሬት ኖርዝ ራን ላይ ሲሮጥ ከኃይሌና ከብሪታኒያዊው ሞ ፋራህ ጋር ነበር። ትዕግሥት አደረገ፤ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አፈትልኮ ሞን በአንድ ሰከንድ ቀደመው። ያፈተለከበት ጉልበት ቁልቁለቱ ላይ በድንገት የተገኘ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያልተባከነው ጉልበት ነው።

የክለቡ ሰዓት የሚቆመው መቼ ነው?

ፈጣኑ አባል በ1 ሰዓት ከ40 ሊገባ ይችላል። ያ የእሱ ሰዓት ነው። የክለቡ ሰዓት የሚቆመው የመጨረሻው አባል ሲገባ ነው። የገባ ሁሉ ውኃ ጠጥቶ፣ ትንሽ ተራምዶ፣ ጃኬት ደርቦ ከመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ላይ ዳር ይዞ ይቁም። መንገዱ ውስጥ አይግባ፤ ስም ይጥራ። በሩቅ አገር፣ በማያውቁት ሕዝብ መሐል የገዛ ስምን በጎጃምኛ ቅላጼ ሲጠራ መስማት ለደከመ እግር ምን እንደሚያደርግ ሳይሮጡ አይታወቅም።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ውረዱ። ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ዓሣ ይጠብቃችኋል፤ የጾማችሁ ከሆነ ሽሮውም አይጠፋም። ጨው ያለው ነገር ብሉ፣ ጠጡ፣ ሳቁ። ያን ቀን ስለ ሰዓት የሚያወራ ሰው ሒሳቡን ይክፈል።

ሲመለሱ

ለአንድ ሳምንት ሩጫ የለም፤ መራመድ ብቻ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደብተሩን ይዛችሁ ተቀመጡና ሦስት ጥያቄ መልሱ፦

1. ገንዘቡ የት የት ገባ? የተረፈው ለማን ይሁን?
2. ከመካከላችን ብቻውን የቀረ፣ ሳናውቀው የተጎዳ ማን ነበር?
3. በሚቀጥለው ዓመት ማን ይጨመር? ከትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ብንወስድስ?

አራተኛውን ጥያቄ ግን ብዙ ክለብ አያነሳውም። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ ስድስት ቀን ከቤት ጠፍታችኋል። ሱቁን ማን ከፈተው? ክፍለ ጊዜውን ማን ሸፈነው? ጤና ጣቢያው ላይ ማን አደረ? ማሳው ላይ ማን ዋለ? ላሟን ማን አለበ? ማሊያ ያልለበሰ፣ ቁጥር ያልተሰጠው፣ ፎቶ ላይ የሌለ ሰው ነው። ስምንታችሁ የሮጣችሁት እሱ ስለቆመላችሁ ነው። ወንፈሉ ሀዋሳ ላይ አልተዘጋም፤ ገና ብድሩ አለ።

ስለዚህ ለመመዝገብ እስክሪብቶ ስታነሱ ከራሳችሁ ስም በፊት የእሱን ስም ደብተሩ ላይ ጻፉ። ስትመለሱም ሜዳሊያውን ሚስማር ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ማጭዳችሁን ስላችሁ ማሳው ግቡለት።